ጊዮርጊስን፣ ሞተሩ አይነሳም

ወገል ጤና፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለጋሽ ምስጋኑ፤ ብልባላ

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎስ? እማማ አመተ ጊዮርጊስ ደኅና ናቸው? ፀደይስ አደገች? ከብቱ፣ ንቡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ሰነበተ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሠርቼ በልቼ አድራለሁ። የደላንታ ብርድ ክፉ ነው፤ ሰዉ ግን ደግ ነው። ከገበያው በታች አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ይዤ ባጃጅና ሞተር እጠግናለሁ።

ደብዳቤዎን ሾፌሩ ሙጂብ ያደረሰኝ ሐሙስ ዕለት ነው። ከአይሱዙው ሳይወርድ በመስኮት ሰጠኝ። የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ቁጭ ብዬ ነው የከፈትኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልዎ መኖሬን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር። ወላጆቼ ሲሞቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከቤትዎ ያስገቡኝን፣ ከልጆችዎ ከብርቅዬና ከአዳም እኩል ያበሉኝን፣ በዚያው በሞተርዎ ላይ መፍቻ መያዝ ያስተማሩኝን ሰው እንዲህ መርሳት ነውር ነው። ስልክ ወደ እናንተ አይሠራም ብዬ እንዳላመካኝ፣ በሚሠራበትም ጊዜ አልደወልኩም። ይቅር ይበሉኝ።

የአዳም ሚስት እየሩስ ከፋሲካ በኋላ እንደምትወልድ፣ አዳም ለሥራ ሎግያ እንደወረደ፣ አምቡላንሱም ወደ ብልባላ መውጣት እንዳቆመ ጽፈውልኛል። ሞተሩን ከጭድ ውስጥ አውጥተው ሲረግጡት አልነሳ እንዳለ፣ ከየት እንደሚጀምሩም ጠይቀውኛል። ነገሩ የቀልድ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

እንግዲህ ከቤንዚኑ ይጀምሩ። በሰልባትዮው፣ በቤንዚን ቋቱ ውስጥ የቀረው ቤንዚን የዚያ የጦርነቱ ዘመን ከሆነ ሞቷል፤ ይድፉትና በንጹሕ ቤንዚን አለቅልቀው አዲስ ይሙሉ። ከዚያ ካርቡራተሩን ፈተው ያጽዱ። ውስጡ ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ አለች፤ በሽቦ አይውጓት፣ ትሰፋለች። ከፈረስ ጭራ አንድ ፀጉር ነቅለው ያሳልፉባት። ይህን እርስዎ ራስዎ ነበሩ ያስተማሩኝ፤ መልሼ ለእርስዎ ስጽፈው አፈርኩ።

ይህም ካልሆነ ሞተሩ ያረጀ ነገር ነውና ብዙ ባይለፉበት ደስ ይለኛል። ለዚያ መንገድ ጥሩ በቅሎ ሳይሻል አይቀርም።

ልጅዎ ከፋለ

&nbsp;

ብልባላ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ከፋለ፣

ሰላምታህ አንድ ገጽ፣ ቁም ነገሩ ስምንት መስመር። ከብቱንና ንቡን ስትጠይቅ ዶሮዋን ረስተሃታል፤ እሷም ደኅና ናት። ጉልበቴን ስለ ጠየቅከኝ እግዜር ይስጥህ። ሞተሩ ከእኔ ጉልበት ሌላ ማንንም አልበደለም።

ያልከውን አድርጌያለሁ። ቤንዚኑ የከረመ ጠላ ይሸት ነበር፤ ደፋሁት። ካርቡራተሩ ውስጥ ሸረሪት ቤት ሠርታ ከነልጆቿ ተቀምጣለች። የፈረስ ጭራ ልነቅል ጎረቤት ሄጄ ባለቤቱ በጥርጣሬ ሲያየኝ ዋለ። ሁሉንም አጥቤ፣ ገጥሜ፣ አዲስ ቤንዚን ሞልቼ አርባ ጊዜ ረገጥኩት። እህ እንኳን አላለም።

በቅሎ ፈልግ ትለኛለህ። ሠላሳ ዓመት በሙሉ በዚህ ሞተር ከብት ስከትብ ኖሬያለሁ፤ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያወጣውም ለሌላ እንዳይሄድ ብዬ የገዛሁት እኔ ነኝ። አንተም የበላኸው እንጀራ ከእርሱ ነው። ደግሞ በቅሎ የምጥ ሴት ይዛ ያን ቁልቁለት ስትወርድ አይተሃል? እኔ ቃሬዛ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

አንተ ያን ቀን አልነበርክምና ልንገርህ። በዚያ ነሐሴ፣ ታጣቂዎቹ አገሩን በያዙ ጊዜ፣ ብርቅዬን ምጥ የያዛት ሊነጋጋ ሲል ነው። ፀሐይ የጊዮርጊስን ዛፎች እስክትመታ ድረስ ረገጥኩት። የጫማዬ ተረከዝ ተገንጥሎ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በባዶ እግሬ ረገጥኩት። ዐሥራ ሁለት ሰው ተፈራርቆ ተሸከማት፤ ሕፃኗ ፀደይ መንገድ ላይ ተወለደች፣ እናትዮዋ ላሊበላን ሳታይ አለፈች። የፀደይ አባት እንደሆነ በዚያው ዘመን እንደወጣ ቀረ። አሁን እየሩስን ሳያት ያው ጠዋት ይመጣብኛል፤ ከእንቅልፌ ስነሳ እግሬን ያመኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። መንገድ በተከፈተ ጊዜ ለለቅሶ መጣህ፤ እህል ሳትቀምስ ሄድክ፤ ከዚያ ወዲያ ደጄን ረግጠህ አታውቅም። ምን አስቀየምኩህ? አመተ ጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ይዛልኝ በመጣች ቁጥር "ለከፋለም ጸለይኩ" ትለኛለች። የበደልንህ ነገር ካለ ንገረን።

ስለ ሞተሩም ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ጻፍልኝ። ፋሲካ ሩቅ አይደለም።

ምስጋኑ

&nbsp;

ወገል ጤና፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለጋሽ ምስጋኑ

እንኳን ለጾሙ በሰላም አደረሰዎ። እንደ ምን ከረሙ? እማማስ? ፀደይስ? ዶሮዋስ? እኔ ደኅና ነኝ።

"ምን አስቀየምኩህ" ያሉትን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ እኔን! ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። መንገዱ አስቸግሮኝ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም ቀደድኩት። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ በዚህም ላይ መልሱን መጻፍ አልቻልኩም። እርስዎም እማማም የበደላችሁኝ ምንም ነገር የለም። ይህን ብቻ ይመኑኝ፣ ሌላውን ግን አሁን ይለፉኝ።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። አዲስ ካንዴላ በሙጂብ እጅ ልኬልዎታለሁ፤ አሮጌውን ነቅለው እሱን ይግጠሙ። የአየር ማጥሪያውን አውጥተው በቤንዚን ይጠቡት፤ ጭዱ ገብቶበት ይሆናል። ጠዋት ከሆነ አየር መዝጊያውን ስበው ይርገጡ። ይህ ሁሉ እምቢ ካለ ከገበያው አናት ቁልቁል ይግፉት፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ይያዙና ሲፈጥን ድንገት ይልቀቁት። ከመቀመጫው ሥር ያሉትን ሽቦዎች ግን አይነካኩ። አሮጌ ናቸው፣ ይበጠሱብዎታል።

አንድ ሌላ ነገር አሰብኩ። እየሩስ ቀኗ ሳይደርስ አስቀድማ ላሊበላ ዘመድ ቤት ብትቀመጥስ? ከሐኪም ቤቱ አጠገብ ትሆናለች፣ ሞተር የሚባል ነገርም አያስፈልግም። እባክዎ ያስቡበት።

ከፋለ

&nbsp;

ብልባላ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከፋለ፣

ላሊበላ ዘመድ ቤት ትላለህ። ላሊበላ ማን አለን? አንተ ነበርክ።

ካንዴላህ ደርሳለች፣ አመሰግናለሁ። ማጥሪያውን አጠብኩ፤ ከውስጡ ግማሽ ቁና ጭድ ወጣ። በገበያ ቀን ስድስት ጎልማሶች ለምኜ ከአናቱ ቁልቁል ገፉልኝ። ገበያተኛው እህሉን ትቶ ያየናል። አንዷ የሽንኩርት ነጋዴ "ጋሽ ምስጋኑ፣ ይኸ ነገር ከሚነዳችሁ እናንተ ብትነዱት አይሻልም?" አለችኝ። እየነዳነው ነው አልኳት። ወንዙ ድረስ ወረድን። ድምፁ የጎማው ብቻ ነበር፤ ሽቅብ ስንገፋው ደግሞ የሰዎቹ እርግማን ተጨመረበት።

ከዚያ የአብስራ መጣ። ታውቀዋለህ፣ ወልድያ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው፤ አባቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነው። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ "ጋሼ፣ እሳቱንስ አይተዋል?" አለኝ። የምን እሳት አልኩት። ካንዴላዋን ነቅሎ ከሞተሩ ብረት አስነክቶ ያዛት፣ እኔ ረገጥኩ። ምንም ነገር አልታየም። "ሞተር አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው፤ ተማሪም ያውቀዋል። ከፋለ እንዴት ሳይነግርዎ ቀረ?" አለኝ። አይነካኩ ያልከኝንም ሽቦ ሊያይ መቀመጫውን አንስቶ ከሥሩ ያለውን ሁሉ መረመረ። ሽቦው ደኅና ነው፣ ጥቁሯ ሣጥንም በቦታዋ ተሰክታለች፣ የጎደለ ነገር የለም። "ሁሉም አለ፣ እሳት ብቻ የለም" ብሎኝ ሄደ።

አንተ ያልነገርከኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል ልበል? የመሐላዬን ነገር ሰው ነግሮህ ኖሯል። ነገሩን ታውቅ ነበር፤ እንዳታሳፍረኝ ብለህ ቤንዚን ቤንዚን ስትል ከረምክ። እንግዲህ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ብቅልም አልቀመስኩ፣ ጾም ነው፤ ግን ላውጣው።

ብርቅዬ ከመሞቷ በፊት በዋዜማው ታጣቂዎቹ ከደጄ መጡ። ሞተር አለህ አሉ፤ አለኝ አልኩ። ይሠራል ወይ አሉ። አይሠራም አልኩ። አለቃቸው "ማል" አለኝ። እኔም ወደ ደብሩ ዞሬ "ጊዮርጊስን፣ ሞተሩ አይነሳም" ብዬ ማልኩ። ከሦስት ቀን በፊት ነድቼው ነበር፤ እንደሚነሳ ልቤ ያውቃል። ሰዎቹም አመኑኝና ሄዱ። ስልሳ ዓመት ሙሉ በሐሰት ምዬ አላውቅም፤ አንዲት ቀን ለብረት ብዬ ማልኩ። በነጋታው ጠዋት ሞተሩ ቃሌን ጠበቀ። አይነሳም አልኩ፣ አልነሳም። ልጄን ወሰዳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከደብሩ ቅጥር አልገባሁም። አመተ ጊዮርጊስ ጉልበቱን አሞት ነው ትላለች፤ ጉልበቴ አይደለም። የጊዮርጊስን ስም ይዤ የዋሸሁ ሰው ምን ብዬ ደጁን እረግጣለሁ? የአብስራ "ሁሉም አለ፣ እሳት ብቻ የለም" ሲለኝ ገና ነገሩ በቁመናው ታየኝ። የተያዘው በእኔ መሐላ ነው፤ በካንዴላ የሚፈታ አይደለም።

ስለዚህ ተወው። ሞተሩን ወደ ጭዱ መልሼዋለሁ። ለእየሩስ ቃሬዛ አሠራለሁ። አንተም አትልፋ፣ እግዜር ይስጥህ።

ምስጋኑ

&nbsp;

ወገል ጤና፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ምስጋኑ፣

ሰላም ማለት አልቻልኩም። ቀጥታ እናገራለሁ፤ ካቋረጥኩ አልጨርሰውም።

ሞተሩን የያዘው የእርስዎ መሐላ አይደለም። እኔ ነኝ።

በዚያ ሰሞን ታጣቂዎቹ ላሊበላ ከጋራዤ ሦስት ሞተር ወሰዱ። ወደ ገጠሩም እንደሚወጡ ስሰማ ላስጠነቅቅዎ በእግሬ መጣሁ። እርስዎ ከብት ሊያስገቡ ወጥተው ነበር። ከመቀመጫው ሥር ያለችውን ጥቁር ሣጥን፣ እኛ ሲዲአይ የምንላትን፣ ለካንዴላዋ እሳት የምትሰጠውን ነቀልኩና በቦታዋ ሌላ የተቃጠለች ሰካሁ። መልካቸው አንድ ነው። የአብስራም አይቶ የጎደለ የለም ያለው ለዚህ ነው። መካኒክ ይዘው ቢመጡ እንኳ ሁሉም አለ ይላል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

ላልነግርዎ የወሰንኩት አስቤበት ነው። እርስዎን አውቅዎታለሁ። የጎረቤት በሬ እርሻ ገባ ሲባል በዓይኔ አላየሁምና አልመሰክርም ብለው ሽማግሌ ፊት እምቢ ያሉ ሰው ነዎት። ሣጥኗ መነቀሏን ቢያውቁ ማሉ ሲሉዎት ፊትዎ ያጋልጥዎታል፣ ይገድሉዎታል ብዬ ፈራሁ። ባያውቁ ግን ረግጠው ያዩታል፣ አይነሳም፣ አይነሳም ብለው ይምላሉ፣ መሐላውም እውነት ይሆናል። ሳይረግጡት ይምላሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ሰው ሁሉ ቢዋሽ እርስዎ አይዋሹም በሚል ነገር ላይ ነው ብልሃቴን የሠራሁት።

ብርቅዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ መምጣቴን እንዳትነግርዎ ለመንኳት። "ከፋለ፣ እዚያ ምን ትጎረጉራለህ?" አለችኝ። "ሽቦውን እያየሁ ነው" አልኳት። ሆዷን አይቻለሁ፤ ገና ወር ይቀራታል ብዬ ነው። ከእርሷ ጋር የተነጋገርኩት የመጨረሻው ቃል ውሸት ነው።

በማግስቱ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። መንገዱ ተዘጋ፤ ከሚሸሸው ሰው ጋር ወደ ቆላ ወረድኩ፣ ከዚያ ደላንታ። ሣጥኗ ኪሴ ውስጥ ነበረች። መሞቷን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። ለለቅሶ የመጣሁ ቀንም ኪሴ ውስጥ ነበረች። እርስዎ እጄን ይዘው "ልጄ፣ አልነሳ አለኝ እኮ" ሲሉኝ "እግዜር ያጥናዎት" አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት። የእናንተን እህል እንዴት አድርጌ ልዋጥ?

አሁንም ሞተሩ ለምን እንደማይነሳ እያወቅኩ ሁለት ወር ሙሉ ቤንዚን ይድፉ፣ ማጥሪያ ይጠቡ እያልኩ ጉልበትዎን ጨረስኩ። ሙጂብ መኪናውን አስነስቶ ሲጠብቀኝ ካንዴላዋም ሣጥኗም በእጄ ነበሩ። አዲስ ገዛሁልዎ ብዬ ልልካት አሰብኩ። ሞተሩ ሲነሳ ያን ጠዋትም የጎደለው ይህ ነበር ብለው ይደርሱብኛል ብዬ ፈራሁና ካንዴላዋን ብቻ ሰጠሁት። እየሩስ ቀኗ እየቀረበ፣ እኔ ለራሴ ፈራሁ።

እርስዎ ግን ከቅጥሩ አልገባሁም ሲሉኝ አለቀብኝ። የልጅዎን ሞት ያመጣሁት እኔ፣ ዝምታዬን በእርስዎ ነፍስ ላይ የጫንኩትም እኔ። መሐላዎ እውነት ነበር ጋሼ። በማሉበት ሰዓት ሞተሩ አይነሳም ነበር።

ሣጥኗን በጨርቅ ሰፍቼ ልኬያለሁ። መቀመጫውን ያንሱ፤ አሮጌዋን ከሁለቱ ሶኬት ይንቀሉና ይህችን ይሰኩ። ሌላ ብልሃት የለውም። ቃሬዛውን ግን እባክዎ አያሠሩ።

ከፋለ

&nbsp;

ወገል ጤና፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ምስጋኑ፣

እንኳን ለሆሳዕና አደረሰዎ። ሙጂብ ዕቃውን በእጅዎ እንደሰጠ፣ ደብዳቤውን እዚያው ቆመው እንዳነበቡ፣ ወደ ቤትም እንደገቡ ነግሮኛል። መልስ የለዎትም ብሎኝ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

መልስ አይገባኝም፤ አልጠይቅም። ሣጥኗን መግጠምዎን ብቻ በሙጂብ አፍ ቢልኩልኝ። እርስዎ መንካት ካልፈለጉ የአብስራ ይሰካት፣ ወይም ይፍቀዱልኝና እኔ መጥቼ ልግጠማት። ከደጅ ቆሜ ገጥሜ እመለሳለሁ፤ ፊቴን ማየት የለብዎትም።

የእየሩስ ቀን ደረሰ።

ከፋለ

&nbsp;

ብልባላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከፋለ፣

ዘግይቻለሁ። ማዘግየት ከአንተ የተማርኩት ነው።

ደብዳቤህን ያነበብኩ ቀን አጠገቤ ብትሆን በመፍቻ ነበር የምልህ። ሣጥኗን ከነጨርቋ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ወተፍኳትና ሁለት ሳምንት ሳላያት ተቀመጥኩ። እየሩስ በፊቴ ስታልፍ እያየሁ ማለት ነው። አንተን ብቻ እንዳልወቅስ ይህንም ጻፍኩልህ፤ ንዴቴን ሳስታምም እኔም የእሷን ቀን በላሁ።

በሆሳዕና ዋዜማ ጉልበቴን እየጎተትኩ አሸተን ማርያም ወጣሁ፣ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ያንተንም የእኔንም። "አባ፣ መሐላዬ እውነት ነው ወይስ ሐሰት?" አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ "ቃልህ እውነት ነበር፣ ልብህ ሐሰት ነበር፤ ለልብህ ንስሐ እሰጥሃለሁ። ግን ጊዮርጊስ ልጅህን በሞተር ገደለብህ ብሎ የነገረህ ማን ነው? እንዲህ ያለውን ጊዮርጊስ አንተ ነህ የፈጠርከው፤ ለእርሱ ስግደቱ ይበዛል" አሉኝ። ለጉልበቴ አላዘኑም። ስለ አንተ ጠየቅኳቸው። "እሱ የራሱ እግር አለው፣ ይምጣ" አሉ።

ወርጄ ሣጥኗን ሰካሁ። ረገጥኩ፣ አልነሳም። ጉድ እኮ ነው! ሣጥኗን ሰክቼም አልነሳም። ተቀምጬ ደብዳቤዎችህን ከመጀመሪያው አወጣኋቸው። ያን ሁሉ ያታለልክበትን ወረቀት አንድ በአንድ እያነበብኩ ቤንዚኑን ደፋሁ፣ ነሐሷን በፈረስ ጭራ ወጋሁ፣ ካንዴላህን አጠብኩ፣ አየር መዝጊያውን ሳብኩ። በስምንተኛው ረገጣ ተነሳ። ጭሱ ግቢውን ሞላው፤ ፀደይ ከአያቷ ቀሚስ ሥር ገባች። እኔ ግን ለሞተር ድምፅ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ስትዋሸኝም ደህና አድርገህ ነው ያስተማርከኝ።

እየሩስን ምጥ የያዛት በ19 ቀን ረፋድ ላይ ነው። እኔ ነዳሁ፣ እርሷ ከመካከል፣ አመተ ጊዮርጊስ ከኋላ ደግፋት፣ ሦስት ሆነን በዚያ አሮጌ ብረት ወረድን። ብርቅዬ ያለፈችበት ቦታ ስንደርስ አመተ ጊዮርጊስ ስሟን ጠራች፤ እኔ ፍሬን አልያዝኩም። ላሊበላ ደረስን። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ብዙ ደም ፈስሷት ነበር፣ ሐኪሞቹ ደረሱላት። አንድ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ አሉኝ፤ ቀሪውን እንዲጨርሱት አልፈለግኩም። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

በማግስቱ ስንቅ ላመጣላቸው ብቻዬን ስመለስ መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙኝ። የትኞቹ እንደሆኑ አልጠየቅኩም፣ አንተም አትጠይቀኝ። እዚያ ጋ መንገዱ ቁልቁለት ስለነበር ሞተሩን አጥፍቼ በነፃ ነበር የምወርደው። "ይሠራል ወይስ እየገፋኸው ነው?" አሉኝ። ከፋለ፣ አይሠራም ማለት እኮ ቀላል ነበር። "ይሠራል" አልኩ። "ማል" አሉኝ። "አልምልም፣ ረግጣችሁ እዩት" አልኳቸው። አንዱ ወጥቶ ረገጠው። በመጀመሪያው ተነሳ፣ ያ ከሃዲ።

ወሰዱት። እኔ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ሞተር ነው፣ አላዘንኩም ብልህ ይህም ውሸት ይሆናል። ግን ጉልበቴን ሳያመኝ የመጣሁት ያን ቀን ነው።

ከትናንት ወዲያ፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ከቅጥሩ ገባሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ንቦች አሁንም ከግድግዳው ውስጥ ናቸው፤ ድምፃቸውን ረስቼው ነበር። አመተ ጊዮርጊስ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

ይቅር ብዬህ እንደሆነ በደብዳቤ አልጠየቅከኝም፤ መጠየቅ ግን ትፈልጋለህ። ጠዋት ጠዋት ይቅር እልሃለሁ። ወደ ማታ ላይ ብርቅዬ ትዝ ስትለኝ መልሼ እይዝብሃለሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ። አስበህ የሠራኸው እኔን ለማዳን እንደሆነ አውቃለሁ። የሦስቱን ዓመት ዝምታ ግን ለማን ብለህ ነው? እሱን ነው የያዝኩብህ።

አመተ ጊዮርጊስ እስካሁን አታውቅም። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን የእኔ ነገር አይደለም። አሁንም "ለከፋለ ጸለይኩ" ትላለች። እንግዲህ በእኔና በአንተ መካከል ቆሞ የምንደበቅበት ሞተርም የለም። ሙጂብ ማክሰኞ ይመለሳል፤ አብረኸው ና። እህልም ትቀምሳለህ።

የተቃጠለችዋን ሣጥን ስነቅል ጥዬ ነበር፤ ፀደይ አንሥታ ወሰደቻት። ሽቦ አስራባት እየጎተተች ትጫወትባታለች። ትናንት ይዛልኝ መጥታ ይቺ ምንድን ናት አለችኝ። ከፋለ ሲመጣ ይነግርሻል አልኳት።

ምስጋኑ